ለአንድ ክረምት ብቻ የሚከራይ ቤት

ኖርዝ ዳኮታ
ኦክቶበር 6 ቀን 1996

ለተከበርሽው ዘመዴ ለአርዲስ፣

የሰማይና የምድር ጌታ ጤናሽን ያብዛልሽ፤ የአሪዞና ፀሐይም አትጨክንብሽ። እኛ ደህና ነን። አጨዳው አልቆ ሜዳው ሁሉ ራሱን የተላጨ ሽማግሌ መስሏል።

ነገሩን ሳላዞር ልንገርሽ፤ ዘንድሮ አንመጣም። ላቮንን ሐኪሟ ከዚህ አትራቂ ብሏታል። መርሳቷ በረታ። ምድጃ ለኩሳ ትተዋለች፤ ውኃ ከፍታ ትሄዳለች። ልጃችን ጃኔል ከሥራ ስትወጣ እየመጣች ታግዘኛለች። ለዚህ የበረዶ ክረምት ብቻ ነው። በሚቀጥለው ኦክቶበር እንደ ወትሯችን መኪናችንን ጭነን ከች እንላለን።

እስከዚያው አንቺን ላስቸግር ነው። ባልሽ ካረፈ ወዲህ ዓመቱን ሙሉ እዚያ የጡረተኞች መንደር የምትቀመጪ ዘመድ አንቺ ብቻ ነሽ፤ አያቶቻችን ወንድማማቾች ባይሆኑ ኖሮም ከአንቺ ሌላ የማምነው የለኝም። ያንን ቤታችንን ለዚህ ክረምት አከራዪልን። ባዶ ቤት ቶሎ ያረጃል። የመንደሩም መዋጮ ሰው ኖረበት አልኖረበት አይቀር፤ የእህል ጎተራ ኃላፊ ጡረታ ደግሞ ሁለት ቤት አይችልም።

ተከራይ ስትመርጪ አደራ። የሚያጨስ አይሁን። ብርቱካኑን ለቅሞ ይብላ፣ ዛፉን ግን አይቁረጥ። ከሁሉ በላይ ዕቃ ከቦታው አይነሳ። ወንበሩም፣ የማንኪያው መሳቢያም፣ የራስጌው መብራትም ባሉበት ይቆዩ። ላቮን አሁን ነገር የምታገኘው በእጇ ነው እንጂ በጭንቅላቷ አይደለም። ስትመለስ እጇ የለመደውን ቤት እንዳለ ማግኘት አለባት።

በኋለኛው መኝታ ቤት ያለው ቁም ሳጥን ተቆልፏል። ልብሶቿ አሉበት። ቁልፉን በዚህ ፖስታ አድርጌዋለሁ፤ አንቺም ብትሆኚ አትክፈችው።

ረቡዕ ረቡዕ በመንደሩ አዳራሽ አብረውን ቁርስ ለሚበሉት ሰዎች ስለ እሷ ምንም አትንገሪ። «የሃልቮር ጉልበት ታሞ ነው» በያቸው።

ዘመድሽ ሃልቮር


አሪዞና
ኖቬምበር 17 ቀን 1996

ለወንድሜ ለሃልቮር፣ ለላቮንዬና ለጃኔል፣

ሰላምታዬ በረዶውን ጥሶ ይድረሳችሁ፤ ጌታ ደጃችሁን ይጠብቅ፣ ምድጃችሁን ያሙቅ። እኔ አለሁ። እያረጀሁ ነው፤ እዚህ ግን ሁሉም እያረጀ ስለሆነ አይታወቅብኝም።

ጉልበትህ እንዴት ነው? ረቡዕ ለት ታሟል ብዬ ብናገር መንደሩ ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ ንብ ያስነድፈው አለ፣ ሌላዋ ጎመን ይሰርበት አለች። ፊሊስ በጎልፍ ጋሪዋ ቤቴ ድረስ መጥታ ቅባት ሰጥታኛለች፤ ላኪለት ብላ። እኔው እየተቀባሁት ነው፤ ይሠራል።

ተከራይ አግኝቻለሁ። ዱቼክ ይባላሉ፤ ክሊፎርድና ዊልማ፣ ከካናዳ፣ ከሳስካችዋን። ዕድሜ ልካቸውን ስንዴ ሲያመርቱ የኖሩ ናቸው። እሷ ቁጥብ ናት፤ እሱ ዝምተኛ ነው አሉኝ። ቤቱን ሳሳያቸው ዊልማ የተቆለፈውን ቁም ሳጥን አይታ «ይኼስ?» አለችኝ።

«የቤቷ እመቤት ዕቃ ነው፤ አይነካም።»

«ሬሳ ነው እንዴ ያስቀመጡበት?» አለ ባልየው። ዝምተኛው ማለት እሱ ነው።

ዕቃ እንዳያንቀሳቅሱ ስነግራቸው ግራ ገባቸው። «ወንበሩ እኮ በሩን ይጋርደዋል» አለች። «ይጋርድ» አልኳት። «መብራቱ በማይሆን በኩል ነው» አለች። «የቤቱ እመቤት ግራኝ ናት» አልኳት። መብራቱን አየት አደረገችና «እሺ፣ እንደ ፈቃዷ» አለች። የገባት መሰለኝ።

ቢጫ ባጅ ተሰጥቷቸዋል። ያው ታውቀዋለህ፤ እዚህ ለባለቤት ነጭ ለተከራይ ቢጫ ነው፣ ስሙንና አገሩን ደረቱ ላይ ያልሰካ ሰው ቁርስ አይሰጠውም። ክሊፎርድ «በኛ አገር ቢጫ የሚደረገው ከብት ጆሮ ላይ ነው» ብሎ አዳራሹን አሳቀው። የመንደሩ ኮሚቴ ሊቀመንበር ሚስተር ግሌንደን ብቻ አልሳቀም።

ብርቱካኑ ዘንድሮ ታምር ነው። ለገና አንድ ካርቶን እልክላችኋለሁ። ላቮንን ሳምልኝ።

አርዲስ


ኖርዝ ዳኮታ
ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1997

ለእህቴ ለአርዲስ፣

ለኛ የደከመ እጅሽን እግዚአብሔር ይባርከው። ብርቱካኑ ደርሶናል። መልስ ያዘገየሁት በበረዶው ነው ልልሽ ነበር፤ እውነቱ ላቮንን ብቻዋን ትቼ ፖስታ ቤት መሄድ ስለማልችል ነው።

ማታ ማታ ሲመሽ ቦርሳዋን አንጠልጥላ በር ላይ ትቆማለች። «ሃልቮር፣ ወደ ቤት እንሂድ እንጂ፤ ሰዎቹን አስቸገርናቸው» ትለኛለች። «ቤትሽ እኮ ነው» ስላት «ታዲያ የብርቱካኑ ዛፍ የታለ?» ትለኛለች። ምን ልበላት? ልጅ ወልዳ ያሳደገችበት ቤት የሰው ቤት ሆኖባታል። ቤት የምትለው ያንን ነው፤ የእናንተ ሰፈሩን።

እኔም ሳስበው ሳስበው ልክ ናት ብያለሁ። እዚያ ደህና ነበረች። ባለፈው ክረምት በረቡዕ ቁርስ ላይ ሁሉንም ሰው አንድ ሳትስት በየስሙ ስትጠራ ሰምተሻታል። እዚህ እኮ የዳረንን ቄስ «ይኼ ሰውዬ ምን ፈልጎ ነው?» ትለኛለች። አየሩ ይሁን ፀሐዩ አላውቅም፣ ብቻ ያ ቤት ይስማማታል። ካዳናት የሚያድናት እሱ ነው።

ጃኔል ሥራዋን ለቅቃ አብራን መጥታ ልትኖር ተስማምታለች። ያለ እሷ አይሆንልኝም፤ ማጠብ አለ፣ ማልበስ አለ። ችግሩ ዕድሜዋ አርባ ስምንት ነው፤ መንደሩ ደግሞ ሃምሳ አምስት ያልሞላውን ሰው በዓመት ከአንድ ወር በላይ አያሳድርም። ኮሚቴውን ለምኝልን። አሁን ሕመሟን ብትነግሪያቸውም ግድ የለኝም። ሰዎች ናቸው፤ የድንች ቂጣዋን ሲበሉ ከርመዋል።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ቁም ሳጥኑን ለዛሬ ብቻ ክፈችውና ሰማያዊ ሹራቧን ላኪልኝ። ስታየው ደስ ይላት ይሆናል። ሌላውን አትንኪ፤ መልሰሽ ቆልፊው።

ሃልቮር


አሪዞና
ማርች 2 ቀን 1997

ለወንድሜ ለሃልቮር፣

የማይተኛው ጠባቂ ከላቮን ዓይኑን አይንቀል። ሹራቡን ልኬያለሁ። ቁም ሳጥኑን ስከፍት ዊልማ ሳይነገራት ክፍሉን ለቅቃ ወጣች፤ ዓይኗን እንኳ ወደዚያ አልጣለችም።

ለረቡዕ ሰዎች እውነቱን ነገርኳቸው። አዘኑ። ፊሊስ ግን ካዘነች በኋላ «እና ቅባቴን ማን ተቀባው?» አለችኝ። እስካሁን ትታዘበኛለች።

ማመልከቻውን አስገብቻለሁ፤ ኮሚቴው በኤፕሪል ይሰበሰባል። ፊታቸው ቆሜ እናገራለሁ። አፍ እንደሆነ አላጣሁም።

አሁን አንድ ነገር ልንገርህ ነው፤ እንዳትቀየመኝ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ልተወው ነበር፣ ግን በዚህ ተስፋ መንገድ ልትወጣ ስለሆነ አልቻልኩም። ባለፈው ክረምት ላቮን ሰላም ከማለቷ በፊት ሁልጊዜ ደረቴን ታይ ነበር። እኔ ሞኟ እንቁላል የፈሰሰብኝ እየመሰለኝ ሸሚዝ ልቀይር ቤቴ ተመልሼ አውቃለሁ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በጓሮ በኩል ባጄን ሳላደርግ መጣሁ። ከዛፉ ሥር ተቀምጣ ነበር። «ደህና ዋልሽ የኔ እመቤት፣ ብርቱካን ልስጥሽ?» አለችኝ። በስሜ አልጠራችኝም። ሃልቮር፣ የእኔን ስም አታውቀውም ነበር። የማናችንንም አታውቅም ነበር። ስታነበን ነው የከረመችው።

እዚህ ሁሉም ስሙን ለጥፎ ስለሚዞር ማንም አልነቃም። አንተም አልነቃህም። እኔ አሁን ደብዳቤህን ሳነብ ነው የገባኝ። ቤቱ አያድናትም እያልኩህ አይደለም፤ እኔ ምን አውቃለሁ። ብቻ እወቀው ብዬ ነው።

የምትወድህ አርዲስ


ኖርዝ ዳኮታ
ኤፕሪል 13 ቀን 1997

ለአርዲስ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ሹራቡ ደርሷል። ለበሰችው፤ ልክክ አለላት። መስታወት ፊት ቆማ እጅጌውን ዳሰሰችና «ባለቤቷ እንዳትቆጣ» ብላ አወለቀችው። አጥፋ ሰጠችኝ። አስተጣጠፏ ግን የድሮዋ የራሷ ነው።

ነጭ ጫማዋን ላኪልኝ። ለጉዞው ይሆናታል። የቁም ሳጥኑ ወለል ላይ ነው፣ በስተግራ።

ጃኔል ለአለቃዋ ነግራለች፤ ኦገስት ላይ ትለቃለች። እኔም መኪናውን አስመርምሬያለሁ፤ ይህን መንገድ ለመጨረሻ ጊዜ ያደርሳል ብሎኛል መካኒኩ። ሳስበው እንቅልፍ ይወስደኛል፤ ድሮ ሳስብ ነበር እንቅልፍ የማጣው።

ኮሚቴው ምን አለ?

ሃልቮር


አሪዞና
ጁላይ 20 ቀን 1997

ለወንድሜ ለሃልቮር፣ ለላቮንና ለጃኔል፣

የቸርነቱ ጥላ ይጋርዳችሁ። ጥላ የምለው ወድጄ አይደለም፤ ሙቀቱ ለጠላት አይስጥ ነው። ካልመሸ ከቤት መውጣት የለም። ውሻ እንኳ አስፋልቱን በጫማ ነው የሚያቋርጠው፤ አልቀለድኩም፣ የፊሊስ ውሻ አራት ጫማ አለው።

መልስ በማዘግየቴ ይቅርታ። ጫማውን ልኬው ነበር፣ ደርሶ ይሆናል። ቤቱ ንጹሕ ነው። ዱቼኮች ሲሄዱ ዊልማ መስኮቱን ሁሉ አጥባ፣ ወለሉን ወልውላ፣ ማንኪያዎቹን በነበሩበት ደርድራ ነው የወጣችው። የሰበረችው አንድ ብርጭቆ ነው፤ ያንኑ የመሰለ ፈልጋ ገዝታ ተክታለች። ለሚቀጥለውም ክረምት ይዢልን ብላኛለች። ለማንኛውም እሺ ብያታለሁ።

ዛፉን ውኃ አጠጣዋለሁ። ሎይድ የምንለው የማዶው ሰውዬ ሞተ፤ ጥሩ ሰው ነበር፣ በካርታ ያታልል ነበር እንጂ። ሌላ አዲስ ነገር የለም።

ለጃኔል ሰላምታዬን አድርስልኝ። ሥራዋን ለመልቀቅ አትቸኩል በልልኝ፤ ሥራ መልካም ነው።

አርዲስ


ኖርዝ ዳኮታ
ሴፕቴምበር 7 ቀን 1997

አርዲስ፣

ስለ ኮሚቴው አንድ ቃል አልጻፍሽልኝም። ጃኔል ራሷ ቢሮው ደወለች። «ኤፕሪል ላይ ተወስኗል፤ ለዘመዳችሁ ነግረናታል» አሏት። ቀን ቀን መጥታ ማገዝ ትችላለች፣ ማደር ግን አይፈቀድም አሏት። «እናቴን ልጦር እኮ ነው» ብትላት ጸሐፊዋ «ሃምሳ አምስት ሲሞላሽ በደስታ እንቀበልሻለን» አለቻት።

ጃኔል ስልኩን ዘግታ ሳቀች፤ ከዚያ አለቀሰች። «አባዬ፣ ሰው ሁሉ እንዳያረጅ ይጸልያል፤ እኔ ማርጀት አቃተኝ» አለችኝ። ሥራዋን ለቅቃ ነበር። ቦታዋን ለሌላ ሰው ሰጥተውታል። አትቸኩል ያልሽውን አንብበን ነበር፤ ደግነትሽ ነው ብለን አለፍነው።

አልተቆጣሁሽም። ዋሸሁ፤ ተቆጥቻለሁ፣ ማንን እንደሆነ ግን አላውቅም።

ላቮን ነጭ ጫማዋን አድርጋ ጠፋችብን። እኔ ምድር ቤት ገብቼ ነበር። ስንዴ የጫነ መኪና ሾፌር ከአውራ ጎዳናው ዳር ስትሄድ አገኛት። «እማማ፣ ወዴት ነው?» ቢላት «አሪዞና» አለችው። ወደ ደቡብ ነበር የምትሄደው፤ አቅጣጫውን አልሳተችም። እግሯ ደም ሆኖ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሐኪሙም፣ ጃኔልም፣ ቄሱም አንድ ሆኑብኝ። መጦሪያ ቤት አስገብተናታል። በሮቹ በሚስጥር ቁጥር ነው የሚከፈቱት።

ዱቼኮችን አስገቢያቸው። ለዚህ ክረምት ብቻ።

ሃልቮር


አሪዞና
ሴፕቴምበር 21 ቀን 1997

ለወንድሜ ለሃልቮር፣

በምን አፌ ሰላም እንደምልህ አላውቅም። እግዚአብሔር ከአንተ ጋር ይሁን፤ ከእኔ ጋር ባይሆን አልፈርድበትም።

የሆነውን ልንገርህ። ፊታቸው ቆምኩ። ላቮንን ታውቋታላችሁ፣ የአርባ ስምንት ዓመት ሴት ልጅ ከጎኗ ትደር፣ ሌላ ምንም አልጠየቅንም አልኩ። ግሌንደን መነጽሩን አወለቀ። «ወይዘሮ አርዲስ፣ ዛሬ ለአንዷ ልጅ ከፈቀድን ነገ የመዋኛ ገንዳችን በሕፃናት ይሞላል» አለኝ።

«ሽበት ያላት ሴት ናት እኮ! እንኳን ልትዋኝ፣ ወገቧን ያማታል!»

«ደንቡ ስለ ወገብ አይናገርም» አለኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? ይኼ ሰውዬ ሁለቱም ነው።

ከዚያ እጅ አውጡ አለ። የድንች ቂጣዋን የበሉት ሁሉ እጃቸውን አወጡ፤ ደንቡ ይከበር ብለው። ፊሊስም አወጣች። ኋላ መኪና ማቆሚያው ጋ ያዘችኝና «አርዲስ፣ እዚህ የመጣነው እንዲህ ያለውን ነገር ላለማየት ነው እኮ» አለችኝ። ስድብ አፌ ላይ መጣ። ግን እኔም ላቮን ስሜን አለማወቋ ሲገባኝ ያሰብኩት መጀመሪያ ስለ እሷ አልነበረም፤ ስለ ራሴ ነው። ፈራሁ። ስለዚህ ስድቡን ዋጥኩት።

ልጽፍልህ ብዙ ጊዜ ቁጭ ብያለሁ። «ይህን መንገድ ለመጨረሻ ጊዜ ያደርሳል» ያልከው መኪና ዓይኔ ላይ ይመጣብኛል። በይግባኝ አስቀይራቸዋለሁ እያልኩ ከረምኩ። አልተቀየሩም።

አሁንም ከሆነ እኔ አለሁ። ዕድሜ እንደሆነ ሞልቶኛል፤ ቤታችሁ መጥቼ ከላቮን ጎን አድራለሁ። አምጣት።

አርዲስ


ኖርዝ ዳኮታ
ጃኑዋሪ 18 ቀን 1998

ለእህቴ ለአርዲስ፣

አዲሱ ዓመት ካለፈው ይሻልሽ። ደብዳቤሽን በየኪሴ ይዤው ስዞር ከርሜ ነው ያልመለስኩልሽ። «አምጣት» ያልሽውን ለሐኪሙ አነበብኩለት። ጭንቅላቱን ነቀነቀ። አሁን መንገድ አትችልም። በማንኪያ ነው የምትበላው፣ እሱም ሰው ሲያጎርሳት።

እኔን አታውቀኝም። ከኖቬምበር ወዲህ ለእሷ ሾፌሯ ነኝ። «መኪናውን አዙረኸዋል?» ትለኛለች ስገባ። «አዙሬዋለሁ እመቤቴ» እላታለሁ። ጃኔል እንዲህ ስል ስትሰማ ትናደዳለች፤ ግን ሾፌር መሆን ምንም ካለመሆን ይሻላል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሾፌሩንም ረሳችው። ነርሷን «ይህን ሰውዬ አስወጭልኝ» አለቻት። ወጣሁ።

ስለ ባጁ የጻፍሽልኝን ያን ጊዜ ዝም ብዬ ያለፍኩት ሳይገባኝ ቀርቶ አይደለም። ያን ክረምት ለጃኔል በየሳምንቱ «እናትሽ ድናለች፤ ሁሉንም በስም ትጠራለች» እያልኩ ነበር የምጽፍላት። ደስ ብሎኝ ነበር። አርዲስ፣ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ያንን አንቺ እንድትወስጂብኝ አልፈለግሁም።

ግን ማንበቡ እስካሁን አልጠፋትም። የክፍሏን ቁጥርም፣ የመድኃኒት ብልቃጡንም፣ የነርሷንም ስም ታነባለች። ስለዚህ ቁም ሳጥኑን ክፈችው። በሩ ውስጠኛው በኩል ሚስማር ላይ የኔና የእሷ ነጭ ባጅ ተሰቅሏል። የእኔን ላኪልኝ።

ሃልቮር


አሪዞና
ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1998

ለወንድሜ ለሃልቮር፣

ጌታ የለመንከውን አይንሳህ። ሁለቱንም ባጆች ልኬያለሁ፤ አንዱን ብቻ ሚስማር ላይ መተው አልሆነልኝም።

ቁም ሳጥኑን ስከፍት ዘንድሮ ዊልማን አጠገቤ ቁሚ አልኳት፤ ብቻዬን ፈራሁ። የአበባ ቀሚሶቿን፣ ባርኔጣዋን፣ ያቺን የምታስቅ የፀሐይ መነጽሯን አየች።

«ሁለት ክረምት ሙሉ በዚች ሴትዮ ቤት ኖርኩ» አለችኝ። «ማንኪያ ስፈልግ እጄ እሷ ወዳስቀመጠችበት ነው የሚሄደው። ቤቴ ሳስካችዋን ስገባ እንኳ መሳቢያው ይጠፋኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ ነገ ትመጣለች ብዬ ነው የማጸዳው። አትመጣም፣ አይደል?»

«አትመጣም» አልኳት። ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው።

ክሊፎርድ ወጥ ቤት ሆኖ ሰምቶናል። ወጥቶ ብርቱካን ሲለቅም ቆየ፤ የለቀመውን ዛፉ ሥር ጥሎ ገባ።

ቤቱን ሊገዙት ይፈልጋሉ። ዊልማ ጠይቂልኝ አላለችኝም፤ እሱ ነው በቀስታ የነገረኝ። የባለቤቱን ፈቃድ ሳላውቅ ቃል አልሰጥም አልኩት። አሁንም አልገፋህም።

አርዲስ


ኖርዝ ዳኮታ
ማርች 15 ቀን 1998

ለእህቴ ለአርዲስ፣

የላክሽው ደርሷል፤ እጅሽ አይንጠፍ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ባጁን ኮቴ ላይ ሰካሁት። ጃኔል መኪና ውስጥ አይታኝ «አባዬ፣ ይኼ ምንድነው?» አለችኝ። «ለቁርስ ነው» አልኳት። ሌላ ምን ልበላት?

ላቮን መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። አንቺ እንዳልሽው መጀመሪያ ደረቴን አየች፣ ከዚያ ፊቴን። «ሃልቮር» አለች። ስሜን ከአፏ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ ነው። ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ፊቷ በርቶ ነበር።

«ኖርዝ ዳኮታ» ብላ ቀሪውን አነበበች። «አይ መገጣጠም! የኔም ባል ሃልቮር ነው የሚባለው። እሱም የኖርዝ ዳኮታ ሰው ነው። ያውቁት ይሆን?»

ጃኔል ወደ ኮሪደሩ ወጣች።

«አውቀዋለሁ» አልኳት።

«ደህና ነው?»

«ደህና ነው። ጉልበቱን ትንሽ ያመዋል እንጂ።»

«ወይኔ! ያ ጎተራ ነው የጨረሰው» አለችና ጠጋ አለችኝ። «ካገኙት አደራ ይንገሩልኝ። እኔ ቀድሜው አሪዞና ወርጃለሁ። ቤቱ ደህና ነው፣ ዕቃውም ሁሉ ባለበት ነው። ብርቱካኑ ደርሷል። በሩን አልቆልፈውም፤ ሲመጣ ሳያንኳኳ ይግባ በሉልኝ።»

«እነግረዋለሁ» አልኳት።

ስለዚህ አርዲስ፣ ቤቱን ለዱቼኮች ሽጭላቸው። ዋጋውን አንቺው ጨርሽው፤ አልከራከርም። ዊልማ ወንበሩን ታንሳው፤ በሩን ይጋርዳል ያለችው እውነቷን ነው፣ እኔም ስንት ዓመት እግሬን መትቶኛል። ቁም ሳጥኑን ባዶ አድርጊላት። ልብሶቹን ለሚያስፈልገው ስጪ፤ ባርኔጣውን ካልጠላሽው አንቺ ውሰጂው። ቁልፉን ከመንደሩ ሰው ፊት ሳይሆን በቤቱ ውስጥ ስጫት። ጃኔል ሌላ ሥራ አግኝታለች፣ ከድሮው ያነሰ ነው። ለዚያች ጸሐፊ ሃምሳ አምስተኛ ልደቴ ሲደርስ ካርድ እልክላታለሁ እያለች ትቀልዳለች።

ባጁን በየቀኑ አደርገዋለሁ። በየቀኑ ስሜን ታነበዋለች፣ በየቀኑም ስለ ባሏ ትጠይቀኛለች። መጀመሪያ ላይ ነገሩ ተስፋ መስሎኝ ነበር። አይደለም። ግን ከመባረር ይሻላል፤ አጠገቧ ታስቀምጠኛለች፣ እጄንም አንዳንዴ ትይዘዋለች፣ የባሏን ወሬ ከማን ልታገኝ።

ትናንት ገና ከበር ሳለሁ ባጁን አንብባ ጠራችኝ። «መልእክቴን ነገሩልኝ?» አለችኝ።

«ነግሬዋለሁ» አልኳት።

«ታዲያ ምነው ቀረ?»

ዘመድሽ ሃልቮር